«ዕድሜ ነው አባባ»

ሰውየው የመጡት ከአምቢኮ ወገን ነው። ራስ ዳሸንን ሊወጡ የሚሄዱ ፈረንጆች ድንኳን የሚተክሉባት ቦታ ስለሆነች ስሟን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከዚያ ተነስቶ ደባርቅ ለመድረስ መጀመሪያ ወደ መሸሃ ወንዝ መውረድ፣ ከዚያ ደግሞ ከ4 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ቧሂትን ማቋረጥ ነው። ፈረንጁ ለሽርሽር ብሎ ገንዘብ የሚከፍልበትን መንገድ እሳቸው ግማሹን በበቅሎ፣ ግማሹን በልጃቸው ትከሻ፣ የቀረውን በጭነት መኪና ላይ ጨርሰውታል። ያመማቸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የእግር ጥፍር።

ፈገግ ያላችሁ ቆዩ፣ አትቸኩሉ። ጥፍር ስል በመቁረጫ ቀጭ ተደርጎ የሚጣለውን የእኔንና የእናንተን ጥፍር ማለቴ አይደለም። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ከእንጨት ጠንክሮ፣ እንደ ፍየል ቀንድ ተጠማዞ፣ ከጎኑ ያለችውን ጣት ወግቶ ሥጋ ውስጥ ገብቷል። ተረከዛቸው ሳንቲም ቢከቱበት እስኪይዝ ድረስ ተሰነጣጥቋል። ያደረጉት ኮንጎ ጫማ ፊቱ በቢላ ተቀዷል። ጥፍሩ መውጫ እንዲያገኝ እሳቸው ራሳቸው ቀደውት ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ የጤና ተቋም ውስጥ፣ እኔም በራሴ ጉዳይ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ያየኋቸው። በሩ ክፍት ነበር። ነጭ ጋውን የለበሱ ሦስት ተለማማጅ ተማሪዎች አሉ። ሽማግሌው ጫማቸውን ሲያወልቁ አንደኛው ወደ መስኮቱ ሄደና መስኮቱን ከፈተ። ሁለተኛዋ ስልኳን አየች። ሦስተኛው፣ ካርዱን የያዘው፣ ከወንበሩ ሳይነሳ አንገቱን አስግጎ ተመለከተና እንዲህ አለ።

«ዕድሜ ነው አባባ። ማስታገሻ እጽፍልሃለሁ።»

ሰውየውም «እሺ ልጄ» ብለው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈለጉ።

ያን ዕለት የተናደድኩት በተማሪው ነበር። ስሰነብት ግን ንዴቴ ቦታ ለወጠ። ለምን እንደለወጠ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ «ዕድሜ ነው»። ይህቺ አባባል በአገራችን የሕክምና ቤቶች ውስጥ ከፓራሲታሞል ቀጥላ በብዛት የምትታደል መድኃኒት ሳትሆን አትቀርም። ጉልበቴን ያመኛል፣ ዕድሜ ነው። ዓይኔ ደከመ፣ ዕድሜ ነው። እግሬ አላስኬድ አለኝ፣ ዕድሜ ነው። አባባሏ ምርመራ ትመስላለች እንጂ ምርመራ የማቆሚያ ፈቃድ ናት። ደግሞ ለሰሚውም ትመቻለች፤ ሽማግሌዎቻችን ራሳቸው «ምን ልሁን ብለህ ነው፣ አርጅቼ» እያሉ ለሐኪሙ ሥራውን ያቀሉለታልና። በአሜሪካ ሮበርት በትለር የተባለ ሐኪም በ1969 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነቱ አስተያየት ስም አውጥቶለት ነበር፤ ዘርን ከዘር፣ ጾታን ከጾታ ማበላለጥ ስም እንዳለው ሁሉ ሰውን በዕድሜው ማሳነስም የራሱ ስም ይገባዋል ብሎ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በዓለም ላይ ከሁለት ሰው አንዱ ለአረጋውያን የተዛባ አመለካከት እንዳለው ጽፏል። እኛ ጋ ይህን ስናነብ «እሱ የፈረንጅ ጉድ ነው፣ እኛ ሽማግሌ እናከብራለን» የምንል ይመስለኛል።

እናከብራለን? እስቲ እንየው።

በውጭ አገር ፖዲያትሪ የሚባል ሙያ አለ። ሥራው እግር ነው፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው የሰው አካል በሙሉ የእነሱ ነው። በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት ተምረው «ዶክተር» ይባሉበታል፤ በእንግሊዝም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። የነዚህ ተማሪዎች ነገር ይገርመኛል። ወደ ሙያው ሲገቡ ብዙዎቹ የሚያልሙት የእግር ኳስ ተጫዋቹን ቁርጭምጭሚት ወይም ቀዶ ሕክምናውን ነው፤ ሥራ ላይ ሲውሉ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቃቸው ግን በአብዛኛው ሽማግሌና አሮጊት ነው። ጥፍር የወፈረበት፣ ስኳር ደም ሥሩን የጎዳበት፣ ጎንበስ ብሎ የራሱን ጣት መንካት ያቃተው። ስለዚህ መምህሮቻቸው ተማሪውን ይጠይቃሉ፤ «አረጋውያንን ማከም ትወዳለህ?» ይሉታል። ለዚህ የሚያገለግል መጠይቅ ኮጋን የተባለ ሰው በ1961 እ.ኤ.አ. ካዘጋጀው ጀምሮ በየዓይነቱ አለ። በጠቅላላው የጤና ተማሪዎች ላይ ከተጻፈው ደጋግሞ የሚወጣው ነገር እንዲህ ነው፦ ተማሪው ሽማግሌን አይጠላም፤ እንዲያውም በጎ አስተያየት አለው። ነገር ግን «ወደፊት ምን ላይ መሥራት ትፈልጋለህ» ሲባል ሽማግሌው ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይገኛል። መውደድ ሌላ፣ መምረጥ ሌላ።

ያንን መጠይቅ አምጥተን ለኛ ተማሪዎች ብናድል ምን እንደሚሆን እኔ ከወዲሁ እነግራችኋለሁ። «አረጋውያን ክብር ይገባቸዋል» ለሚለው ሁሉም «እጅግ እስማማለሁ» ላይ ያከብባል። የደባርቅ፣ የዳባት፣ የጃናሞራ ልጅ ለሽማግሌ ብድግ ሳይል ያደገ የለም። መጠይቁ ያልፋል፣ ሽማግሌው ግን ማስታገሻ ይዘው ይመለሳሉ። ችግሩ አክብሮት የጠፋ መሆኑ አይደለም። አክብሮታችን ራሱ ወዴት እንደሚያይ ነው መጠየቅ ያለበት።

እኛ ሽማግሌን የምናከብረው ከወገብ በላይ ነው። ጥምጣሙን፣ ጺሙን፣ ምርቃቱን። ወንበር እንለቅለታለን፣ ግብዣ ላይ ከላይ እናስቀምጠዋለን። ይህ አክብሮት ደግሞ ርቀት አለው፤ ሽማግሌን ጋቢውን ገልጦ አያዩትም፣ የሚያሳፍር ነገር አይጠይቁትም። ከተማሪዎቹ አንዱ በኋላ ላይ «አባቴን የሚያህሉ ሰው እግር እየገለበጥኩ እንዴት ላይ?» ብሎኛል። እውነቱን ነው የነገረኝ። ግን ልብ በሉ፣ እኚህን አባቱን የሚያህሉ ሰው «አንተ» ነው ያላቸው! ይህ ደግሞ ሌላው ጉድ ነው። በጎንደር ገጠር ለእንዲህ ያሉ ሰው «አንቱ» ነበር የሚባለው። የሕክምና ቤት አማርኛ «አባባ» ብሎ አቆላምጦ በ«አንተ» ይጨርሳል። ለማራቅ ሲሆን አክብሮቱ አለ፤ ለመቅረብ ሲሆን የለም።

እንዲህ ስል ግን አንድ ትልቅ ነገር የዘነጋሁ እንዳይመስላችሁ። እግር ማጠብ የኛ ነው። በነዚህ ደጋ አገሮች ማታ ከእርሻ የገባ አባት እግሩ ሳይታጠብ አይተኛም ነበር። ውኃ ለብ ይደረጋል፣ ገበቴ ይቀርባል፣ ልጅ ወይም ሚስት ተንበርክካ ታጥባለች፣ ጣት ለጣት ትፈትጋለች፣ ሲጨርሱ ጉልበት ይሳማል፣ ምርቃት ይወርዳል። እንግዳም ሲመጣ እንዲሁ። በጸሎተ ሐሙስ ቀን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳሱ ሳይቀር ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል። ፈረንጅ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን የሙያ መጀመሪያ እኛ በየቤታችን ማታ ማታ ስንሠራው ኖረናል ማለት ነው። ሽማግሌው የተሰነጠቀ ተረከዝ ይዘው ሲቀመጡ የሚያጥበው ልጅ ሳይናገሩት ያያል። ቁስሉን ያያል፣ እሾኹን ያያል፣ ጥፍሩ መርዘሙን ያያል። በየማታው የእግር ምርመራ ነበር በሉት።

ታዲያ ያ ልጅ ጋውን ሲለብስ መስኮት ከፋች የሆነው የት ላይ ነው?

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። እግር ማጠብ ከሥርዓትነቱ ጋር ደረጃም ነበር። የሚያጥበው ታናሹ ነው፣ ሴቷ ናት፣ በደግ ዘመን ደግሞ አሽከሩ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን ተባለ? «ተዉት፣ ያጥና»። ከብት ጥበቃው ቀረለት፣ ውኃ መቅዳቱ ቀረለት፣ እግር ማጠቡም ለእኅቱ ተላለፈ። ክፍል በዘለለ ቁጥር ከአባቱ እግር አንድ እርምጃ ራቀ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሙክት ታረደ። ቤተሰቡ በሙሉ «ከእንግዲህ ማንም እግር ሥር አትቀመጥም» ብሎ መርቆ ሸኝቶት ስናበቃ፣ ዛሬ የማያውቀው ሽማግሌ እግር ሥር ይንበርከክ ስንለው ቢደናገር ምን ይገርማል? የተማረ ሰው ዝቅ አይልም ብለን ያስተማርነው እኛው ነን።

ዩኒቨርሲቲውስ? እዚህ ላይ የተማሪዎቹን ክስ መስማት ደግ ነው። ያ ካርድ የያዘው ልጅ፣ ሻይ ቤት አግኝቼው ስንጫወት፣ «ጋሼ፣ የእግር ጥፍር መቁረጥ ማን አስተምሮኝ ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። «ራውንድ ስንዞር» አለኝ፣ «ስፔሻሊስቱ የሚቆመው በራስጌ በኩል ነው። ልብ ያዳምጣል፣ ዓይን ይገልጣል፣ ሆድ ይነካል። ካልሲ ሲያስወልቅ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ፈተና ላይም አይመጣም። የማይጠየቀውን ማን ያጠናል?» ተማሪዎች «ጥሩ ኬዝ» የሚሉት አለ፤ ብርቅ በሽታ፣ ለመጽሐፍ የሚሆን በሽታ። የ75 ዓመት ገበሬ ተረከዝ ጥሩ ኬዝ አይደለም። እንግዲህ ንዴቴ ቦታ የለወጠው እዚህ ላይ ነው። ከተማሪው ወንበር ተነስቶ ወደ መምህሩ ወንበር ሄደ።

በእርግጥ ልጁ ሌላም ሌላም ምክንያት ደርድሮልኛል። ወረፋው በር ላይ ሞልቷል፣ ጓንት በቁጥር ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ውኃ የለም። እውነት ነው፣ አይቻለሁ። ግን መስኮት ለመክፈት ጊዜ ነበረው።

የሚያሳዝነው ይህ አገር እግርን የማከም ትምህርት የማያውቅ አገር አለመሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር በ1958 የተቋቋመውን አለርት ውሰዱ። የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ ሆኖ ከአፍሪካ ከየአገሩ ሐኪም እየመጣ የተማረበት ነው። ሥጋ ደዌ ጣት የሚቆርጥ ይመስለን ነበር፤ ለካስ በሽታው የሚገድለው ስሜትን ነው። ስሜት የሌለው እግር ጠጠር ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው አያውቅም፣ ስለማያውቅ ይቆስላል፣ ሲቆስልም ይራመድበታል። ስለዚህ ሕክምናው በየቀኑ እግርን ማየት፣ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የደደረውን ቆዳ መፋቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ለስላሳ ገበር ያለው ጫማ ማድረግ ሆነ። ስሙን ሳይጠሩት ፖዲያትሪ ነው ይህ። ነገር ግን የሥጋ ደዌ ነገር ሆኖ እዚያው ግቢ ውስጥ ቀረ። ያው ዕውቀት ለስኳር ሕመምተኛው ገበሬ ያስፈልጋል። ደባርቅና ዳባት ብርድ አገር ናቸው፤ ሽማግሌ ማታ እግሩን ምድጃ ዳር ዘርግቶ ነው የሚሞቀው። ስኳር ስሜቱን የገደለበት እግር ደግሞ እሳት ሲፈጀው አይናገርም። ጠዋት ቆዳው ተገሽልጦ ሲያየው «ምን ነካኝ» ይላል። አንድ ተማሪ ይህን አውቆ ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢናገር፣ እግሩን ከምድጃው እንዲያርቅና ውኃውን በክርኑ እንዲለካ ቢመክረው፣ አንድ እግር ከመቆረጥ ሊድን ይችላል።

ወይም ዝሆኔን ውሰዱ። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄድ ሰው እግሩ የሚያብጥበት በሽታ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሐኪም እዚሁ አገር ሠርቶ ነው አፈሩ መንስኤ መሆኑን ያስረዳውና ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም የሰጠው፤ እግርና አቧራ ማለት ነው። ደባርቅ ራሷ ለበሽታው ከፍ ያለች ናት፤ ዝሆኔ የሚበዛው ዝናብ በሚጠግበው ወይና ደጋ ነው። በመላ አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይዟል ተብሎ ይገመታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን አስምሩበት፣ አይተላለፍም! በ2010 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎችን የጠየቀ ጥናት ታትሞ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባለሙያዎች በሽታው ይተላለፋል ብለው ያምናሉ፣ ሲያክሙም እንዳይዛቸው ይፈራሉ። ልብ በሉ፣ ተማሪዎች አይደሉም፤ ተመርቀው ደመወዝ የሚበሉ ናቸው። ሕክምናው ደግሞ ምንድን ነው? ውኃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት ጀርም መግደያ፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም ይኸው ቀላል ሕክምና በደንቡ ተፈትኖ፣ ትኩሳትና ሕመም የሚያመጣውን የእግር መቆጣት እንደሚቀንስ በ2018 እ.ኤ.አ. ታላቅ በሆነ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። እግር ማጠብ ማለት ነው በአጭሩ። አያቶቻችን የሚያውቁት።

ከዚህ በኋላ «የተማሪዎቹ አመለካከት ይቀየር» ተብሎ ስብሰባ ቢጠራ፣ አዳራሽ ተከራይቶ አበል ቢከፈል፣ እኔ አላምንበትም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይንከባከባል ይላል፤ ወረቀቱ አላነሰንም። ሽማግሌን መፍራትና እግሩን መጸየፍ በንግግር የሚለቅ አይመስለኝም። በእጅ ነው የሚለቀው። ባለሙያው ዝሆኔን የፈራው ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ነክቶ ስለማያውቅ ነው።

ጎንደር ለዚህ ታሪክ አላት። በ1945 ገደማ ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ ነው የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 የተከፈተው። የተከፈተውም ሆስፒታል ውስጥ ተቀምጦ በሽተኛ የሚጠብቅ ሰው ለማፍራት አልነበረም። ልዩ ልዩ የጤና ሙያ ተማሪዎች በቡድን እየሆኑ ገጠር ይላካሉ፣ ከሕዝቡ ጋር ይሰነብታሉ፣ መጸዳጃ ያስቆፍራሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ይህ የቡድን ሥልጠና የዚያ ትምህርት ቤት መታወቂያ ነው። ዳባትም ላይ ዩኒቨርሲቲው በ1996 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የምርምር ማዕከል ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ኖሯል። መልካም ሥራ ነው። ግን ስንቱ ሽማግሌ ጫማ ማድረግ አቅቶት ቤት እንደዋለ፣ ስንቷ አሮጊት ገበያ መውጣት የተወችው በተረከዟ ምክንያት እንደሆነ ከሞት መዝገብ ላይ አይነበብም። ቤተ ክርስቲያን መሳለም የተወ፣ ዕድር የቀረ፣ ለቅሶ ያልደረሰ ሽማግሌ በነዚህ አገሮች በቁሙ የሞተ ነው። ምክንያቱ አንዳንዴ አንድ ጥፍር ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ከሕዝባችን ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ናቸው ብላችሁ ቁጥሩን እንዳትንቁት፤ ሕዝቡ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነውና ሚሊዮኖች ናቸው።

ታዲያ ያ የቡድን ሥልጠና ለአንድ ሳምንት በሳፋ ቢጀመርስ? ቀልድ አይደለም። አንድ ተማሪ፣ አንድ ሳፋ፣ ሃያ ሽማግሌ። ከመምህሩ ጋር፤ መምህሩም ጎንበስ ብሎ። ነጥብ ይሰጥበት፣ ፈተና ይውጣበት። አለበለዚያ «የማይጠየቀውን ማን ያጠናል» ያለኝ ልጅ ልክ ነው።

ወደ አምቢኮው ሰውዬ ልመልሳችሁ። ጫማቸውን ፈልገው አንዱን እግራቸውን ሊያስገቡ ሲታገሉ በመተላለፊያው ወለል የምትወለውል የጽዳት ሠራተኛ አየቻቸው። መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ወጣችና ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዛ መጣች። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ በዚያ ቤት ውኃ የለም ተብሎ ነበር። ማንንም ሳትጠይቅ እግራቸውን አንስታ ዘፈዘፈችው። «አይ ልጄ፣ ይሸታል» አሏት። «ዝም ይበሉ አባቴ» አለቻቸው።

ተማሪዎቹ ዝም ብለው ቆመው አዩ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጸጥታ እኔንም አሳፈረኝ፤ እኔስ ወረፋ ይዤ ከማየት በቀር ምን አደረግሁ? ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያቺ ስልኳን ታይ የነበረችው ልጅ ጓንት አጠለቀች። የጥፍር መቁረጫ አልነበረም፣ ቢኖርም ለዚያ ጥፍር አይበቃም። የፋሻ መቀስ አመጣች። ውኃው ጥፍሩን ትንሽ አለስልሶት ስለነበር በጥቂት በጥቂቱ እየቀረፈች፣ ላብ በግንባሯ ላይ እየወረደ፣ ብዙ ደቂቃ ፈጀባት። ጥፍሩ ከሥጋው ሲላቀቅ ሽማግሌው ትንፋሻቸውን በረጅሙ ለቀቁ። ካርድ የያዘውም ልጅ ተነስቶ ፋሻ ሲያቀብላት አየሁ። መስኮቱ እንደተከፈተ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ነገረቻቸው። የአባቷን አገር ያውቁት ኖሮ ስለ አገሩ ትንሽ ተጫወቱ። ተማሪዋ ፋሻውን አስራ ጨርሳ ጓንቷን ልታወልቅ ስትል ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣

«ልጄ፣ ሌላውም እግር አለ» አሉና ሳፋው ውስጥ ከተቱት።